ፒርሲንግ አውጥቶ ቀዳዳውን ማስደፈን፣ ጠባሳው እንዳይጎላ

ፒርሲንግ፣ ማለትም ቆዳ ተበስቶ የሚደረግ ጌጥ፣ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ እጅን መሰብሰብ ነው። ብዙ ሰው ጎልቶ የሚታይ ጠባሳ ሲቀርበት ጥፋቱን በበሳው ባለሙያ ላይ ይጥላል። አንዳንዴ እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ግን ወይ ጌጡ ያለጊዜው ወጥቷል፣ ወይ ቁስሉ ሲነካካና ሲቀባባ ከርሟል። ስለዚህ ከታች ያለው ግማሹ «አድርጉ» ከሆነ ግማሹ «ተዉት» ነው።

ቀዳዳው ገና ቁስል ነው ወይስ ቆዳ ሆኗል?

ከምንም በፊት ይህን ለዩ። በቅርቡ የተበሳ ቦታ ክፍት ቁስል ነው። ጌጡ ሲወጣለት ሰውነት ከውስጥ እየሞላ ይዘጋዋል። በሰዓታት ውስጥ ጠቦ ጌጥ አላስገባም የሚል ቀዳዳ አለ። እየቆየ ሲሄድ ግን ቆዳ ከሁለቱም አፍ ወደ ውስጥ እያደገ ግድግዳውን ይሸፍነዋል። ያኔ ቀዳዳው በቆዳ የተለበጠ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ሰውነት ከዚህ በኋላ እንደ ቁስል አያየውም፤ የሚጠግነው ነገር የለም። ይጠባል፣ አፉ ይገጥማል፤ ሙሉ በሙሉ ለመደፈኑ ግን ዋስትና የለም።

ቀዳዳው ድኗል ለመባል የሚፈጀው ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። የጆሮ የታችኛው ለስላሳ ክፍልና ቅንድብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳሉ። ምላስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። የአፍንጫ ጎን ከ2 እስከ 4 ወር አካባቢ ነው። ልም አጥንት ያለበት የላይኛው ጆሮ ከ3 ወር እስከ ዓመት ይሄዳል። እምብርትና የጡት ጫፍ ከ6 ወር እስከ ዓመት ይፈልጋሉ። ከዚህ ጊዜ በፊት ያለ ችግር የወጣ ጌጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነጥብ ብቻ ትቶ ይሄዳል። ዓመታት የቆየ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ተስፋችሁን ልክ አድርጉ፦ ግቡ የማይታይ ቆዳ ሳይሆን፣ ቀርበው ካላዩት የማይለይ ነጥብ ነው።

አሁን ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጌጡን የማትፈልጉት ስለሰለቻችሁ ብቻ ከሆነ፣ ቦታው የማያም፣ የማይቀላና ፈሳሽ የሌለው ከሆነ፣ ዛሬም ማውጣት ትችላላችሁ። ሁለት ልብ ከሆናችሁ ግን ረጋ በሉ። የተደፈነ ቦታን እንደገና መብሳት በጠባሳ ውስጥ ማለፍ ስለሆነ ይከብዳል። ለሥራ ወይም ለሌላ ምክንያት እንዳይታይ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ግልጽ የመስታወት ወይም የቆዳ ቀለም ያለው ትንሽ መያዣ አድርጎ መቆየት ይቻላል።

ቦታው ካመረቀዘ ነገሩ ይለወጣል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት፣ የሚጠዘጥዝ ሕመም ካለ ጌጡን በራሳችሁ አታውጡ። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ስሜት ማውጣት ነው፣ ይገባኛል። ግን ጌጡ መግሉ የሚወጣበትን መንገድ ክፍት አድርጎ ይዟል። ሲነቀል የቀዳዳው አፍ ቶሎ ይገጥምና መግሉ ውስጥ ይታፈናል። ከዚያ የሚቋጥረው እብጠት በሐኪም ተቀድዶ እንዲፈስስ ሊያስገድድ ይችላል፤ የዚያ ጠባሳ ደግሞ ከፒርሲንጉ ይበልጣል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ኢንፌክሽኑ ይታከም፣ ማውጣቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሐኪሙ ራሱ አይቶ «ይውጣ» ካለ ሌላ ጉዳይ ነው።

የላይኛው ጆሮ ላይ ከሆነ ቀን አትቁጠሩ። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከላዩ ካለው ስስ ሽፋን ነው። ኢንፌክሽን እዚያ ከገባ ልም አጥንቱ ሊሞትና ጆሮው ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። ጆሮው ሞቆ፣ ቀልቶና አብጦ የታችኛው ለስላሳ ክፍል ደህና ከመሰለ፣ ይህ ራሱ የልም አጥንት ኢንፌክሽን የታወቀ ምልክት ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በተቃራኒው፣ መዘግየት ጠባሳ የሚያሰፋበት ሁኔታም አለ። ይህም ሰውነት ጌጡን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሲገፋው ነው። በቅንድብ፣ በእምብርትና ቆዳ ላይ ላዩን ብቻ በሚበሳ ቦታ ይዘወተራል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው፦ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ቆዳ ይሳሳል፣ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ ከጌጡ የሚታየው ክፍል ከበፊቱ ይረዝማል፣ አንዳንዴም ብረቱ በሳሳው ቆዳ ውስጥ አልፎ ይታያል። ይህን ካያችሁ «ምናልባት ይስተካከል» ብላችሁ አትጠብቁ። አይስተካከልም። ቆዳውን ቀድዶ እስኪወጣ ከተተወ የሚቀረው ነጥብ ሳይሆን ረጅም መስመር ነው።

የሚያሳክክ፣ የሚደርቅና ሽፍታ ያለው ከሆነ ደግሞ ኒኬል አስቡ። ርካሽ ጌጦች ውስጥ የሚደባለቅ፣ ብዙ ሰው አለርጂ የሚሆንበት ብረት ነው። ሰውነት ውስጥ ለሚተከሉ የሕክምና ዕቃዎች በሚውለው ዓይነት ቲታኒየም መቀየር ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ፒርሲንጉን የምትወዱት ከሆነ ከማስደፈናችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

አወጣጡ

እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ታጠቡ። ንጹሕ ጎዝ ወይም ሶፍት፣ የጨው ውሃና መስታወት አዘጋጁ። የጨው ውሃው ከፋርማሲ የሚገዛው 0.9 በመቶ ሳላይን ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ፣ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አዮዲን የሌለው ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ አሟሙ። ጨው ማብዛት አይጠቅምም፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያደርቃልም።

ጎዙን ነክራችሁ ቦታው ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል አስቀምጡ። በጌጡ ዙሪያ የደረቀው ፈሳሽ ይለሰልሳል። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ጌጡ ሲጎተት ያ የደረቀ ቅርፊት አብሮ ገብቶ የቀዳዳውን ውስጥ ይቧጭረዋል፤ ድኖ የነበረ ነገር እንደገና ቁስል ይሆናል።

ከዚያ የጌጡን አከፋፈት እወቁ። ኳስ ያለው ዘንግ በብዛት ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የጠመዝማዛ ጥርስ የሌለው ዓይነት ደግሞ ሁለቱን ጫፍ ይዞ በመሳብ ይለያያል። የጠመዝማዛው ጥርስ ዘንጉ ላይ በውጭ በኩል ካለ፣ ያ ጫፍ ሲያልፍ የቀዳዳውን ውስጥ ሊቧጭር ይችላል፤ በጨው ውሃ አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ኳሱ እጅ ላይ የሚያንሸራትት ከሆነ የላስቲክ ጓንት ማድረግ ይረዳል። አልወጣ ካለ አትታገሉ። የበሳው ባለሙያ በተገቢው መሣሪያ በሰከንድ ያወጣዋል፤ በቤት ፒንሳ መታገል ግን ቆዳ ይቀድዳል። ቆዳው ጌጡን ከዋጠው ይህ የባለሙያም ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ይየው።

ትንሽ ደም ከመጣ በንጹሕ ጎዝ ለ10 ደቂቃ ሳታነሡ ተጫኑት። በየመሃሉ «ቆመ ወይ?» እያሉ ማየት ደሙን እንደገና ያስነሣዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

እዚህ ላይ ነው ጠባሳው የሚወሰነው። ሥራው ግን ያን ያህል የለም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በጨው ውሃ ጠረግ፣ በንጹሕ ጎዝ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ መተው። ፎጣ አትጠቀሙ፤ ክሩ ይይዛል፣ ንጹሕነቱም አያስተማምንም።

አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አዮዲን ለዚህ አይሆኑም። ጀርም ይገድላሉ፣ ግን ቁስሉን የሚጠግኑትን አዲስ ሕዋሳትም አብረው ይጎዳሉ። የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ያልተበረዘ የዕፅዋት መዓዛ ዘይት የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ከልቡ ነው የሚመክረው፣ ነገር ግን ክፍት ቆዳ ላይ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ የቆዳውን ቁጣ ያራዝማል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል፣ ይወፍራልም።

ቀዳዳው ገና ፈሳሽ እያወጣ ከሆነ በቅባት አትድፈኑት፤ ይፍሰስ። ፈሳሹ ሲቆምና አፉ መግጠም ሲጀምር ግን ስስ የቫዝሊን ሽፋን ጥሩ ነው። እርጥበቱን የያዘ ቁስል ደርቆ ወፍራም ቅርፊት ከሚያወጣው ይልቅ ቶሎና ለስልሶ ይድናል። «ቁስል አየር ይምታው» የሚለው ልማድ ለጠባሳ የሚረዳ ምክር አይደለም። ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃል። የአንቲባዮቲክ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያስፈልግም፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ኒዮማይሲን ራሱ አለርጂ ያስነሣል።

ቅርፊቱን አትላጡ። ያሳክካል፣ ማሳከኩም ብዙ ጊዜ የመዳን ምልክት ነው። ካስቸገረ በጨው ውሃ የራሰ ጎዝ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አስቀምጡበት።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። «ተደፍኖ ይሆን?» ብሎ ጌጡን መልሶ መሞከር። እያንዳንዱ ሙከራ እየገጠመ ያለውን ቆዳ ይቀድዳል፣ ሥራውን ከዜሮ ያስጀምራል። ከወሰናችሁ ጌጡን ከዓይናችሁ አርቁት።

ማጨስ ወደ ቁስል የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ መዳንን ያዘገያል። ስኳር ያለበት ሰው ወይም የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁስሉን ከሌላው በላይ ይከታተል፤ በሁለቱም መዳን ይዘገያል፣ ኢንፌክሽንም ቀላል መንገድ ያገኛል።

ከገጠመ በኋላ

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ ቅርፊትም ፈሳሽም ሲጠፋ፣ ጠባሳውን ማለስለስ ይጀመራል። ከዚያ በፊት አይሆንም። ጠባሳ ቶሎ አይረጋም። ቀለሙና ውፍረቱ እየተለወጠ እስከ 12፣ አንዳንዴም እስከ 18 ወር ይቆያል። በሁለተኛው ወር ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ጠንከር ቢል የመጨረሻ መልኩ ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

በዚህ ጊዜ ገንዘብ የሚወጣለት ነገር ካለ ሲሊኮን ነው። በጄልም በሚለጠፍ መልክም ይሸጣል። የሚለጠፈው በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት መዋል አለበት፤ ጄሉ በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባል። ለ2 ወይም ለ3 ወር ሳይቋረጥ ነው የሚሠራው። ለአንድ ሳምንት ሞክሮ «ምንም አላመጣም» ማለት አይቻልም። ለጆሮና ለአፍንጫ ጄሉ ይቀላል፣ ለእምብርት የሚለጠፈው።

ማሸትም ይረዳል። ቆዳው ከገጠመ 2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ በቫዝሊን ወይም በሎሽን፣ በጣት ጫፍ፣ ክብ እየሠራችሁ 5 ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ጊዜ እሹት። ጠንካራውን ሕብረ ሕዋስ ያላላዋል። ቢያም ወይም ቢቀላ ለጥቂት ቀን አቁሙ።

ፀሐይን አትናቁ። አዲስ ጠባሳ ለፀሐይ ሲጋለጥ ይጠቁራል፣ ያ ጥቁረት ከጠባሳው ራሱ በላይ ሊቆይ ይችላል። በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቀቡ። እምብርት ከሆነ ልብስ ይበቃዋል።

የቫይታሚን ኢ ዘይት በጣም ስሙ ገንኗል። ስሙን የሚያህል ማስረጃ ግን የለውም፣ ያስቆጣው ቆዳም ብዙ ነው። እኔ ብሩን ለሲሊኮን አውሉት እላለሁ። ጥቁረትን ያነጣሉ የሚባሉ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ የማይታወቅ ክሬሞችን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው፤ ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሜርኩሪው መርዝ ነው።

እንደ ቦታው

ምላስ በፍጥነት ይገጥማል፣ ዓመታት የቆየ እንኳ። ለጥቂት ቀን ከምግብ በኋላ በጨው ውሃ ወይም አልኮል በሌለው የአፍ መጉመጥመጫ ተጉመጥመጡ፤ ትኩስና የሚያቃጥል ምግብ ቀንሱ። ውስጡ ትንሽ ጓል መስሎ ሊሰማ ይችላል፣ የጠባሳ ሕብረ ሕዋስ ነው፣ እየቆየ ይለሰልሳል። ከንፈር ሁለት ዓለም ነው፦ ውስጡ እንደ አፍ፣ ውጩ እንደ ቆዳ ይያዝ።

እምብርት ላይ ጠላቱ ላብና ጠበቅ ያለ ቀበቶ ነው። ላላ ያለ ልብስ ልበሱ፣ ከታጠባችሁ በኋላም በደንብ አድርቁ።

የጡት ጫፍ ውስጥ የሚቀር ትንሽ ጠንካራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ነው። ግን አዲስ እብጠት፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ካለ «ከፒርሲንጉ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ይታይ።

በጌጥ የሰፋ የጆሮ ቀዳዳ በአንድ ቀን ባዶ ከሚሆን፣ በየጥቂት ሳምንቱ አነስ ያለ ጌጥ እያደረጉ ማውረድ ይሻላል። በጣም የተወጠረ ከሆነ ግን በራሱ አይመለስም።

እብጠት ከወጣ

ከፒርሲንግ ጋር የሚወጣ እብጠት ሁሉ ኬሎይድ አይደለም። ቶሎ የሚወጣ፣ እርጥብና ቀላ ያለ እብጠት ብዙውን ጊዜ የመቆጣት ነው፤ ጌጡ ሲስተካከል ወይም ሲወጣ ይጠፋል። ከቁስሉ ድንበር የማያልፍ ወፍራም ጠባሳም አለ። በሳምንታት ውስጥ ይነሣል፣ በጊዜ ሊቀንስ ይችላል፣ ለሲሊኮንም ይታዘዛል።

ኬሎይድ ከእነዚህ ይለያል። ከቀዳዳው ድንበር አልፎ ጤናማ ቆዳ ላይ ይስፋፋል፣ ብዙ ጊዜ ወራት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፣ በራሱም አይሄድም። ጆሮ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች፣ በወጣትነት ዕድሜና በቤተሰብ ውስጥ ኬሎይድ ባለበት ይበዛል። ወላጅ ወይም ወንድም እህት ካለበት፣ ወይም በፊት በክትባት ወይም በብጉር ቦታ ወጥቶባችሁ ከነበረ፣ እብጠቱ ገና ትንሽ እያለ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ትንሽ ኬሎይድ ከትልቅ ይልቅ በቀላሉ ይታከማል። የተለመደው ሕክምና በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ነው። በቅዝቃዜ ማከምም አለ፣ ለጆሮ ደግሞ የሚጫን ልዩ ጉትቻ ይሰጣል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አይመከርም። ሌላ ሕክምና ካልታከለበት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ገዝፎ። በክር አስሮ ወይም በምላጭ ቤት ውስጥ መቁረጥማ አይታሰብ።

አልደፈን ካለ

ወራት አልፈው ቀዳዳው እንዳለ ከሆነ ግድግዳው ቆዳ ሆኗል ማለት ነው፤ ማሸትም ቅባትም አይዘጋውም። ባዶ ቀዳዳ ውስጥ የሞተ ቆዳና የቆዳ ቅባት ሊጠራቀም፣ ሊሸትም ይችላል። በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ከላይ ማጠብ ይበቃዋል፤ በጥፍር አትጭመቁት።

ለብዙዎች ያ ነጥብ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ ወይም የጆሯችሁ የታችኛው ክፍል ከተሰነጠቀ፣ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይዘጋል። ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ ሐኪሙ ቱቦውን የለበጠውን ቆዳ ቆርጦ ያወጣና ትኩሱን ቁስል በስፌት ያገጥመዋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። በቦታው ቀጭን መስመር ይቀራል፣ ለሱም ሲሊኮኑና የፀሐይ መከላከያው ይሠራሉ። የኬሎይድ ታሪክ ያለው ሰው ከመሰፋቱ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይናገር።

ወደፊት መልሳችሁ ልትበሱ ካሰባችሁ ቢያንስ 3 ወር፣ ቢቻል 6 ወር ጠብቁ። ቦታውን ባለሙያው በጣቱ ጨምቆ ይመርምረው፤ ከሥሩ ጠንካራ ጓል ካለ ከጎኑ ባለው ጤናማ ቆዳ ላይ ይበሳል፣ በጠባሳው ላይ አይደለም።